ድንጋይ ይዤ ወደ ጉንደ ወይን

እኔ ብዙ አልናገርም። ባሌ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ "ከአንቺ ጋር መኖር ከቤተ ክርስቲያን አጥር ጥግ እንደ መኖር ነው፤ ጸጥታው ደስ ይላል፣ ሰው ግን ምን እንዳጠፋ ሳያውቅ ሲሰጋ ይኖራል" ይለኝ ነበር። በዕድሜዬ ረጅም ንግግር የተናገርሁት አንድ ቀን ብቻ ነው። እሱንም ለማስተማር ብዬ ነው። ያች ንግግር ድንጋይ አሸክማ ጉንደ ወይን አደረሰችኝ። ተመስገን፣ መልሳም አመጣችኝ።

ደብረ ማርቆስ ላይ መምህር ነኝ። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የማስተምረው ሥነ ቃል ነው፤ ተረት፣ እንቆቅልሽ፣ የሠርግ ዘፈን። ተማሪ የማይከሳበት፣ መምህር የማይታመምበት ትምህርት ነው። በዚህ ሴሚስተር ግን የአውሮፓን ቲያትር ያስተምር የነበረው ባልደረባችን ለትምህርት ወደ ውጭ ሄደ። የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ጠሩኝ።

"ሜሎድራማውን አንቺ ያዥልን" አሉ።

"የቱን?"

"የሮማንቲክ ዘመኑን፣ የመድረኩን። ለቅሶ የበዛበት ነው፤ አይከብድሽም። እናት አይደለሽ?"

እናትነት እንዲህ ያለ ማዕረግ መሆኑን ቀድሜ ባውቅ ለሁለተኛ ዲግሪ ባልተንገላታሁ። እሺ አልሁ። ብዙ አልናገርም ብያችኋለሁ።

አነበብሁት። ለማታውቁት በአጭሩ ልንገራችሁ። ሜሎድራማ ከዛሬ ሁለት መቶ ዓመት ገደማ በፊት የፈረንሳይና የእንግሊዝ ሕዝብ እየተጋፋ ያየው የነበረ የመድረክ ጨዋታ ነው። ደጉ በጣም ደግ ነው፤ ክፉው በጣም ክፉ ነው፤ መካከለኛ የሚባል ሰው አልተፈጠረም። ንጹሕ ሰው ይሰደዳል፣ የጠፋ ልጅ በክንዱ ጠባሳ ይታወቃል፣ ክፉው ሊገባ ሲል ሙዚቃው ቀድሞ ያሳብቅበታል። መጨረሻ ላይ ጎርፍ ወይም መብረቅ ወይም የተናደ ተራራ መጥቶ ክፉውን ይወስደዋል። በየገቢሩ ማብቂያ ደግሞ ሁሉም ባሉበት ደርቀው እንደ ግድግዳ ሥዕል ይቆማሉ።

ይህ ሁሉ ገባኝ። ያልገባኝ ተማሪዎቼን ማሳመኛው መንገድ ነው። ሊያለቅሱ በሚገባቸው ቦታ ሁሉ ይስቁብኛል።

"ያኔ ተመልካቹ ዝም ብሎ አይቀመጥም ነበር" አልኋቸው። "ክፉውን ይሰድበዋል። ደጓን ደግሞ 'ከኋላሽ ነው፣ ሽሺ!' እያለ ይጮህላታል።"

ይበልጣል እጁን አወጣ። "ቲቸር፣ ትኬት ቆርጦ የገባ አዋቂ ሰው ነው እንዲህ የሚሆነው?"

"አዎ።"

"ውሸት መሆኑን እያወቀ?"

"አዎ።"

"ምነው፣ የሚመክረው ዘመድ አልነበረውም?"

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ልስቅ ምንም አልቀረኝም።

ይህን ይበልጣልን ያዙልኝ፤ ነገሩ ሁሉ በእሱ ላይ ነው የደረሰው። የጉንደ ወይን ገጠር ልጅ ነው፤ የመጨረሻ ዓመት ተማሪ። ቅንድቦቹ የተጋጠሙ፣ ድምፁ ከጉድጓድ የሚወጣ። በዚህ መልኩ የተነሳ ክፉ ሰው ሆኖ እንዲጫወት ጓደኞቹ በአንድ ድምፅ መረጡት። እውነቱን ልናገርና ክፍል ውስጥ የገባችን ንብ እንኳ ሳይገድል በወረቀት አቅፎ የሚሸኝ ልጅ ነው።

የዚህ ትምህርት ማጠቃለያ የወረቀት ፈተና አይደለም። ተማሪዎቹ ራሳቸው የጻፉትን ሜሎድራማ በአዳራሽ ያሳያሉ፤ ከሌላ ዩኒቨርሲቲ የሚመጣ መዛኝም ያየዋል። መድረክ ላይ ያልወጣ አያልፍም። ያላለፈ አይመረቅም።

የጻፉት ጨዋታ ደህና ነው። አንድ ክፉ ልጅ መበለት እናቱን ከቤቷ ያስወጣታል። እናት በነጎድጓድ መካከል ትረግመዋለች። በመጨረሻ ከገደል ላይ ቋጥኝ ተንከባሎ ይጨፈልቀዋል። ቋጥኙን ከካርቶን ሠርተው ቀለም ቀቡት፤ ከእውነተኛው ይልቅ ድንጋይ የሚመስል ድንጋይ ወጣው። ነጎድጓዱ ቆርቆሮ ነው፤ አንዲት ተማሪ በብረት ትመታዋለች።

ችግሩ እርግማኑ ላይ መጣ። እናቲቱን የምትጫወተው ትርንጎ የደብረ ወርቅ ልጅ ናት፤ አባቷ መሪጌታ ናቸው። ማልቀስ ትችላለች፣ መውደቅ ትችላለች፣ በጉልበቷ መሄድ ትችላለች። እርግማኑ ላይ ስትደርስ ግን ይበልጣልን ፈራ ተባ እያለች አየችውና፣

"ልብ ይስጥህ" አለችው።

ነጎድጓድ መቺዋ ብረቱን እንዳነሳች ቀረች።

"ትርንጎ" አልሁ፣ "ይህ ሰው እኮ ከቤትሽ አውጥቶ ዝናብ ላይ ጥሎሻል።"

"አውቃለሁ ቲቸር።"

"ታዲያ ልብ ይስጥህ ብቻ?"

"ቲቸር፣ ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው ተብዬ ነው ያደግሁት። ደግሞስ ገና ሳልወልድ እንዴት ብዬ ልጅ ልርገም?"

ለመንኋት፣ ተቆጣኋት። ጓደኞቿም ለመኗት። በግድ ብንላት "እግዜር ይይልህ" ድረስ ደረሰች፤ ከዚያ ወዲያ ንቅንቅ አልል አለች። የማሳያው ቀን ደግሞ እየቀረበ ነው። ያኔ ነው ነጠላዬን ወንበር ላይ ጥዬ መድረክ ላይ የወጣሁት።

"እንዲህ ነው" አልሁ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን የነገሩኝ ተማሪዎቹ ናቸው። ተንበረከክሁ አሉ። ሁለት እጄን ወደ ላይ ዘረጋሁ አሉ። ይበልጣልን ዓይን ዓይኑን እያየሁ እንዲህ አልሁ፦

"የተሸከመህ ሆዴ ይታዘብህ! ያጠባህ ጡቴ ይፋረድህ! ስልኩ ሲጮህ ሰምቶ ያለፈ ጆሮህ የገዛ ልጅህን ድምፅ ይራብ! 'በኋላ እደውልላታለሁ' ያለ ምላስህ ሲጣራ አቤት የሚለው ይጣ! ደጅ ደጁን ሳይ እንደዋልሁ ደጅ ደጁን ስታይ ዋል!"

ነጎድጓዱ ሳይታዘዝ መታ። ከዚያ ጸጥ አለ። ሁሉም ባሉበት ደርቀው ቆሙ። ሴሚስተሩን ሙሉ እንደ ሥዕል ቁሙ እያልሁ ስለምናቸው የነበረው በዚያች ሰዓት ተሳካ።

ከኋላ አንድ ቀጭን ድምፅ፣ "ቲቸር፣ በዚያ ዘመን ስልክ ነበር እንዴ?" አለ።

ማንም አልሳቀም። ይበልጣል ፊቱ አመድ መሰለ። ቦርሳውን አነሳና "ይቅርታ" ብሎ ወጣ።

እኔ አንድ ልጅ አለኝ። ሐዋሳ ይሠራል። ደህና ልጅ ነው። ስልክ አያነሳም እንጂ።

በማግስቱ ይበልጣል አልመጣም። ደወልሁ፤ ስልኩ ዝግ ነው። ቢያመው ነው ብዬ የተከራየበት ቤት ሄድሁ። አከራይዋ በሩን እኩል ከፍታ አየችኝ።

"እርስዎ ነዎት መምህሯ?"

"ነኝ።"

ከኋላዋ የነበሩትን ልጆቿን ወደ ውስጥ ገፋ ገፋ አደረገቻቸው። "ጎህ ሲቀድ ሄደ። ፊቱ በአንድ ወገን አብጦ።"

"አብጦ?"

"እንዲህ" አለችና በእጇ የብርቱካን መጠን አሳየችኝ። አሰበች፣ አሰበችና ወደ ፓፓያ አሳደገችው።

"ጥርሱን አሞት ይሆናል።"

"ይሆናል" አለች፣ ምንም እንደማያምን ሰው። በሩን ዘጋች። እግሬን ሳነሳ ከበሩ ወዲያ ድምጿ ተከተለኝ፤ "እባክዎ ለልጆቼ መርቀው ይሂዱ!"

እዚያው አጥር ሥር ቆሜ መረቅሁ። ምን ላድርግ?

ወሬ ከሰው እግር ይፈጥናል። ግቢ እስክደርስ ያበጠው ጉንጭ የተጣመመ አፍ ሆኗል። ከምሳ በኋላ የአንድ ዓይኑ ብርሃን ጠፍቷል ተባለ። ተማሪዎቼ ከሩቅ ሲያዩኝ እስከ መሬት ጎንበስ ይላሉ። አርፋጆቹ እኔን ቀድመው ክፍል ይገኛሉ። ሥራ አስረክቦ የማያውቀው ሁሉ አስረከበ። ፊተኛው ወንበር ላይ ግን የሚቀመጥ ጠፋ። ኃላፊያችን ሳይቀሩ ቢሮዬ ድረስ መጥተው በሩ ላይ እንደቆሙ፣ "ያን ኮርስ ያዥልን ያልሁሽ ቅር ብሎሽ እንዳይሆን" አሉኝ። አልገቡም።

በማስተማር ዘመኔ ሁሉ ስመኘው የኖርሁት ሥነ ሥርዓት ነበር። አገኘሁት፤ እህልም አልወርድ አለኝ። ጨዋታ ነው እላለሁ። የጨዋታ እርግማን ማን ላይ ያርፋል? ግን አፉ የእናት አፍ ነው። ሰማይ ደግሞ ሜሎድራማ አልተማረም፤ የቱ ለፈተና የቱ ለእውነት እንደሆነ ማን ይነግርልኛል? ልጁ ባይመለስስ? ምርቃቱ ቢቀርስ? ዓይኑ እውነት ቢጠፋስ?

ከዚህ የባሰ ሌላ ሐሳብ መጣብኝ። ያ ሁሉ ቃል ለይበልጣል ካልሆነ ለማን ነው? ለልጄ ደወልሁ። የስልኳ ሴትዮ "ማግኘት አይችሉም" አለችኝ። ሁልጊዜ የምትለኝ ነው። ያን ቀን ግን አንድ ነገር ያወቀች መሰለኝ።

የነፍስ አባቴ ዘንድ ሄድሁ።

"አባ፣ ልጅ ረገምሁ።"

"የማንን?"

"የሰው።"

"ምን አድርጎሽ?"

"ምንም። ጨዋ ልጅ ነው።"

መቋሚያቸውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ። ስለ ሜሎድራማ አስረዳኋቸው። በትዕግሥት ሰሙኝ፤ ከተማሪዎቼ ይልቅ በትዕግሥት።

"ክፉው ልጅ መጨረሻው ምንድን ነው?" አሉ።

"ቋጥኝ ተንከባሎበት ይሞታል።"

"ንስሐ ሳይገባ?"

"ጊዜ የለውም አባ። መጋረጃው ይዘጋል።"

"አስቸጋሪ መጋረጃ ነው" አሉ። ወደ እኔ ዘወር ብለው፣ "ስትረግሚ በዓይንሽ የመጣው ማን ነበር?"

ዝም አልሁ። ዝምታዬን ያውቁታል፤ ለዓመታት ሲያናዝዙት ኖረዋል።

"ስግደቱን ኋላ እሰጥሻለሁ" አሉ። "መጀመሪያ ሂጂና ልጁን ይቅርታ ጠይቂ። በአገሩ ወግ።"

በአገሩ ወግ ማለት ድንጋይ ነው። የበደለ ሰው ድንጋይ አንገቱ ላይ ተሸክሞ ከተበዳይ ደጅ ይቆማል። ተበዳዩ "አውርድ" እስኪለው አያወርድም።

ወገቤን ያመኛል። ዕቃ ማስቀመጫ ክፍላችን ውስጥ ደግሞ ያ የካርቶን ቋጥኝ ተቀምጧል፤ ትልቅ፣ ግርማ ያለው፣ ክብደቱ የዳቦ። ገብቼ አየሁት። እሱም ያየኝ መሰለኝ። በካርቶን ንስሐ የለም ብዬ ወጣሁ። ቤቴ ሄጄ የጤፍ በርሜሌ ክዳን ላይ የሚጫነውን ድንጋይ አነሳሁና ዘንቢል ውስጥ ከተትሁት። ጉንደ ወይን ድንጋይ መኖሩን አጥቼው አይደለም። የተጨነቀ ሰው ግን የሚያውቀውን ድንጋይ ይመርጣል።

ሚኒባሱ ውስጥ ረዳቱ ዘንቢሉን ሊያነሳ ሞከረና ተወው።

"ማዘር፣ ምንድን ነው የጫኑት?"

"ድንጋይ።"

"የምን ድንጋይ?"

"እንዲያው ድንጋይ።"

"ወደ ጉንደ ወይን?"

"አዎ።"

ወደ ሾፌሩ ዞረ። "ጌቾ፣ እኒህ እናት ወደ ጉንደ ወይን ድንጋይ ይዘው እየሄዱ ነው።"

ሾፌሩ በመስታወት አየኝ። "እዚያ አለቀ እንዴ?"

መኪናው ሙሉ ሳቀ። ከጎኔ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ገበሬ ብቻ አልሳቁም። ዘንቢሉን አዩ፣ እኔን አዩ።

"ዝም በሉ" አሉ። "ሴትዮዋ ለእርቅ ነው የምትሄደው።"

ሳቁ እንደ ሻማ ጠፋ። ረዳቱ ኮፍያውን አወለቀ። ሽማግሌው ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው፣ "ደም አለበት?" አሉኝ።

"የለበትም አባቴ። ቲያትር ነው።"

"ከደም ይሻላል" አሉ። ጥቂት መንገድ ከሄድን በኋላ፣ "ይመስለኛል" ብለው ጨመሩ።

ከዚያ ወዲያ ጉድጓድ በመጣ ቁጥር ረዳቱ ዘንቢሌን ደገፍ ያደርግልኛል። ደብረ ወርቅ ስንደርስ ማርያምን በመስኮት ተሳለምሁ። ልጁን በሁለት ዓይኑ አሳዪኝ፣ ሌላ አልጠይቅሽም አልኋት። ሌላም ጠየቅሁ፤ እሱን ግን ጮክ ብዬ አላልሁትም።

ጉንደ ወይን ወርጄ የይበልጣልን መንደር ጠየቅሁ፤ በእግር መንገዱ ሂጂ አሉኝ። ድንጋዩን መሸከም የነበረብኝ ደጃቸው ስደርስ ነው። ግን የትኛው ደጅ የእነሱ እንደሆነ አላወቅሁም፤ ሳልሸከም ድንገት ብደርስ ብዬ ከመንገዱ ጀምሮ አንገቴ ላይ አደረግሁት። ያገኘኝ ሁሉ መንገድ ይለቅልኛል።

አንድ ዳገት ላይ ስደርስ ከፊት ለፊት ሁለት ሰዎች መጡ። ፊት ፊት ጃንጥላ የያዙ እናት፣ ከኋላቸው ድንጋይ የተሸከመ ወንድ። ዛሬ አገሩ ሁሉ ይታረቃል መሰለኝ ብዬ ጥግ ያዝሁ። ከዚያ ቅንድቦቹን አየኋቸው።

"ቲቸር?"

"ይበልጣል?"

ዓይኖቹን ቆጠርሁ። ሁለቱም አሉ። ጉንጩም ጉንጭ ነው። ተመስገን ሳልል እሱ መንገዱ ላይ ተንበረከከ።

"ይቅር ይበሉኝ ቲቸር። ወደ እርስዎ እየመጣን ነበር።"

እኔም ተንበረከክሁ። "ይቅር በለኝ ልጄ። ወደ አንተ እየመጣሁ ነው።"

"ኧረ እርስዎ አውርድ ይበሉኝ።"

"እንዴት ብዬ? ተበዳይ እኮ አይደለሁም። አንተ በለኝ።"

"እኔ ምን ተበድዬ? ሳላስፈቅድ ትምህርት ጥዬ የሄድሁ እኔ።"

"የረገምሁህ እኔ።"

"የረገሙኝ ባጠፋሁት ነው።"

"አላጠፋህም!"

"አጥፍቻለሁ!"

አንገቴ ሊቀነጠስ ደረሰ። እሱም ላቡ ይንቆረቆራል። አውርድ የሚል ጠፍቶ ሁለት በዳዮች ፊት ለፊት ተፋጥጠን ቀረን። እህል የጫኑ አህዮች የሚነዳ ሰውዬ መጣና መንገዱን ዘግተንበት ቆመ።

"በዳዩ ማነው?" አለ።

"እኔ!" አልን ሁለታችንም።

"ተበዳዩስ?"

ዝም።

"እንዲህ ያለ እርቅ አይቼ አላውቅም" አለና አህዮቹን በዳር በኩል አሳለፈ። ትንሽ ሄዶ ግን ተመልሶ መጣ፤ መጨረሻውን ሊያይ።

የይበልጣል እናት እትዬ አትጠገብ ይባላሉ። እስካሁን ጃንጥላቸውን ይዘው ዝም ብለው ያዩን ነበር።

"ጨረሳችሁ?" አሉ። ወደ ልጃቸው ዞሩ። "አንተ፣ ደውዬ ደውዬ ሳታነሳ የከረምህ፣ የበደልኸው ማንን ነው?"

"አንችን እማ።"

"እርስዎስ መምህር፣ የረገሙት የማንን ልጅ ነው?"

"የእርስዎን።"

"እንግዲያው ተበዳይዋ እኔ ነኝ። ለመሆኑ እኔን የጠየቀ አለ? በሉ፣ ሁለታችሁም አውርዱ።"

ባለ አህያው "እሰይ!" አለ። ድንጋዬን ከመንገዱ ዳር ላሳርፍ ጎንበስ ስል እትዬ አትጠገብ ጮኹ።

"እዚያ አይደለም! ማሳዬ ነው! ዕድሜዬን ሙሉ ድንጋይ የለቀምሁት ለናንተ መጣያ ነው? ከመጣበት ይመለስ!"

ስለዚህ ይቅርታዬን አግኝቼ ድንጋዬን እንደያዝሁ ቤታቸው ገባሁ። ደግነቱ የገና ጾም ተፈትቷል፤ በእንገር አስተናገዱኝ። ላሟ ሰሞኑን ወልዳ ነው።

የእንገሩ ነገር የታሪኩ መፍቻም ሆነ። ለካ እትዬ አትጠገብ ያን ቀን ደጋግመው የደወሉት ላሟ ወለደች ለማለት ነው። ይበልጣል ልምምድ ላይ ነኝ ብሎ አላነሳም። እኔ መድረክ ላይ ወጥቼ "ስልኩ ሲጮህ ሰምቶ ያለፈ ጆሮህ" ስል ስልኩ ኪሱ ውስጥ ገና ሙቅ ነበር። ወጥቶ ቢደውል የእናቱ ስልክ ተዘግቷል፤ መንደሩ መብራት ጠፍቶበታል። እናቴ አንድ ነገር ሆናለች ብሎ ጎህ ሲቀድ ከነጥርስ ሕመሙ ተነሳ። ቢደርስ እናቱ አውድማ ላይ ናቸው፤ ደህና። ጥርሱን ጤና ጣቢያ ሄዶ አስነቀለ። የእሱም ስልክ በተራው ሞተ።

"እስኪ ምን ብለው ነው የረገሙት?" አሉኝ እትዬ አትጠገብ።

በቀስታ ነገርኋቸው። እህል እንደሚመርጥ ሰው ቃል በቃል ሰሙኝ።

"'ሲጣራ አቤት የሚለው ይጣ'" አሉ። "ይች ከባድ ናት። እርስዎም ልጅ አለዎት ማለት ነው።"

"አለኝ።"

"አያነሳም?"

"አያነሳም።"

እንገሩን ጨመሩልኝ። "ብይ" አሉኝ። 'እርስዎ' ማለቱ በዚያው ቀረ። እኔም ከዚያ ወዲያ አንቺ ነው የምላት።

የማሳያው ቀን አዳራሹ ጢም አለ። የተረገመው ልጅ በሁለት ዓይኑ መጥቷል ተብሎ እኮ ነው። አትጠገብም መጣች። ከመጋረጃ ኋላ ገብታ ትርንጎን ትከሻዋን ያዘቻት።

"ተናገሪ ልጄ፤ እኔ ፈቅጄልሻለሁ። ፊት ተቀምጬ እርግማኑን በዚያው አፈርሰዋለሁ።"

ይህን ስትል እንደማጽናኛ ነበር የሰማሁት።

ነጎድጓዱ መታ። ትርንጎ ተንበረከከች። "ያጠባህ ጡቴ ይፋረድህ!" አለች፤ አጥንት የሚሰብር ድምፅ።

"አይፋረድህ!" አለ ከፊት ወንበር ሌላ ድምፅ። "ለጠላትህ!"

መዛኙ ቀና አለ። እኔ መጋረጃው ጀርባ ሆኜ በእጄ ዝም በይ አልኋት፤ ማን አይቶኝ።

"ደጅ ደጁን ስታይ ዋል!"

"ለጠላትህ!" አለች አትጠገብ፤ አሁን ብቻዋን አይደለችም። ሁለተኛው ረድፍ ተቀበላት። ከዚያ አዳራሹ በሙሉ፣ አከራይዋ ሳትቀር፣ ኃላፊያችን ሳይቀሩ፣ "ለጠላትህ!" ይል ጀመር። አዋቂ ሰዎች፤ ውሸት መሆኑን እያወቁ። ይበልጣል መድረክ ላይ ቆሞ ወደ መጋረጃው፣ ወደ እኔ፣ ዓይኑን ሰረቅ አደረገ። ገባኝ ማለቱ ነው።

ትርንጎ የመጨረሻዋን ቃል አወጣች። "ስልኩ ሲጮህ ሰምቶ ያለፈ ጆሮህ የገዛ ልጅህን ድምፅ ይራብ!"

ያችን ቃል የሚያፈርስ አልተገኘም። ሁሉም ጸጥ አለ። መድረኩ ላይ ያሉት እንደ ሥዕል ደረቁ።

በዚያ ጸጥታ መካከል የእኔ ስልክ ጮኸ።

ሁሉም ስልኩን እንዲያጠፋ ያሳወጅሁ እኔ ነኝ። የእኔን ግን ከዚያች የረገምሁባት ቀን ወዲህ አጥፍቼው አላውቅም። አየሁት። ልጄ ነው። መዛኙ አለ፣ የተማሪዎቼ ምርቃት አለ፣ እንጀራዬ አለ። ግን ያችን ቃል የተናገርሁ ሴት ነኝ። ሲጮህ ሰምቼ እንዴት ልለፈው?

"አቤት ልጄ" አልሁ። "አለሁ።"

በሹክሹክታ ያልሁ መስሎኝ ነበር። ማይክሮፎኑ ከራሴ በላይ ተሰቅሏል። ድምፄ አዳራሹን ሞላው።

ቋጥኝ የምትገፋዋ ተማሪ በድንጋጤ ያለጊዜው ገፋችው። ካርቶኑ ቀስ እያለ ተንከባለለና ይበልጣል እግር ሥር ቆመ። መሞት የነበረበት ይበልጣል ድንጋዩን አየው። አነሳው፤ አንገቱ ላይ አደረገው፤ ትርንጎ ፊት ተንበረከከ። ይህን ማንም አልጻፈውም። ትርንጎ ምን እንደምትል ጠፍቷት ወደ አዳራሹ ዞረች።

"አውርድ!" አለች አትጠገብ ከፊት ወንበር።

አዳራሹ በእልልታ ተናወጠ። መዛኙ በኋላ ከመድረክ ጀርባ የመጣችው የእናት ድምፅ ረቂቅ ምርጫ ናት ብሎ አመሰገነኝ፤ ልጆቹም ሁሉ አለፉ። አባም የክፉውን መጨረሻ ሲሰሙ ስግደቱን ቀነሱልኝ። ያኔ ግን ይህን ሁሉ አላወቅሁም። መጋረጃ ጥግ ተሸሽጌ ስልኩን ጆሮዬ ላይ ለጥፌ ነበር።

"እማ፣ የምን ጩኸት ነው?" አለኝ ልጄ።

"እልልታ ነው።"

"ማን አገባ?"

"ማንም። ድንጋይ የወረደለት ሰው አለ።"

ልጄ እንደ እኔ ነው፤ ብዙ አይናገርም። ያን ቀን ግን፣ "እማ… ስልክ ሳላነሳልሽ የከረምሁት…" ብሎ ጀመረ።

"አውርደው ልጄ" አልሁት።